ከፋሲካ ማግስት
ባሕር ዳር ላይ ከሱስ ለመላቀቅ ቀጠሮ የሚያዘው አብዛኛውን ጊዜ ለሁዳዴ ነው። ከቅበላ ማግስት ጫቱም ድራፍቱም ይቀራል፤ ጾሙ ሰዓት አለው፣ ቅዳሴ አለው፣ አብሮ የሚጾም ጎረቤት አለው። 55 ቀን የዘለቀው ሰው በፋሲካ ማግስት ወደ ጣና ዳር ሲወርድ ግን የድሮ ጓደኞቹ ወንበር ስበው ይጠብቁታል። እኔ ፈተናው የሚጀምረው እዚህ ነው ባይ ነኝ። እስከ ጰራቅሊጦስ 50 ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም (መቼም ፍስኩ የተሰጠው ለትንሣኤው ደስታ እንጂ ለጫት አልነበረም!)። ዘጌ በጀልባ ተሻግሮ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን መሳለም መልካም ነው፤ ማታ ግን መመለሻው ያው ሰፈር ነው። ስለዚህ የነፍስ አባት ይበልጥ የሚያስፈልጉት በሰሙነ ሕማማት ሳይሆን በዳግም ትንሣኤ ሰሞን ነው። ሰውየው ደውሎ ምሽቱን የት፣ ከማን ጋር እንደሚያሳልፍ ይንገራቸው።