የተቆረጠ ዕድሜና ፍቅር
አሜሪካኖች ስለ አሚሽ ሃይማኖታዊ ማኅበረሰብ የሠሩት ባለሦስት ክፍል የፍቅር ፊልም በ2015 እ.ኤ.አ. «ዘ ሬኮኒንግ» በተባለው ተቋጭቷል። ባለታሪኳ ልጅ በመጨረሻ ማንን ታገባ ይሆን ብሎ የጓጓ ተመልካች፣ ወገኖቿ እንዴት እንዳገለሏት ቶሎ ይረሳዋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ሃይማኖት አጥብቆ በያዘ መንደር ስለሚበቅል ፍቅር የሱዳኑ አምጃድ አቡ አላላ ይበልጥብኛል። በ2019 በወጣው «በሃያ ዓመትህ ትሞታለህ» በተሰኘው ፊልሙ፣ በሱዳኗ ገዚራ አንዲት እናት አራስ ልጇን ልታስባርክ ሼኩ ዘንድ ትሄዳለች። እዚያው አንድ ደርቪሽ እየቆጠረ ሃያ ላይ ሲደርስ ተዝለፍልፎ ይወድቃል። በቃ፣ ልጁ ተፈረደበት። እናቱ ሳኪና ጥቁር ለብሳ ቀኖቹን ግድግዳ ላይ በጭረት ትቆጥራለች። ልጁን የምትወደው ናኢማስ? ሟች ከተባለ ጎረምሳ ጋር ማን ጎጆ ይቀልሳል! ለሌላ ትታጫለች። በፊልሙ ውስጥ ክፉ ሰው የለም፤ ፍቅሩን የሚያንቀው መንደሩ ሁሉ የተስማማበት እምነት ነው፣ ያውም እያዘነለት። ይህ ሥራ የተወለደው ከ1989ኙ የአል በሽር መፈንቅለ መንግሥት ወዲህ የኻርቱምና የኦምዱርማን ሲኒማ ቤቶች ተራ በተራ በተዘጉበት አገር መሆኑ ይበልጥ ያስደንቃል። ቬኒስ ላይ ለመጀመሪያ ፊልም የሚሰጠውን ሽልማት ወሰደ፤ ሱዳንም ለኦስካር ያቀረበችው የመጀመሪያ ፊልሟ ሆነ። በኻርቱም የኖራችሁ፣ በ2023 ጦርነትም የወጣችሁ ወገኖቼ፣ ከአሚሾቹ በፊት ይህን ፈልጋችሁ እዩት።