የግዴታ ውትድርና ይመለስን?

ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አንሥቶ በገርጂ በኩል እስከ ሰሚትና እስከ አያት በተዘረጋው ሰፈራችን፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ሲፈላ የሚነሣው ጨዋታ ብዙ ነው። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ግን አንድ ጥያቄ ይደጋገማል፤ ይኸውም «ወጣቱ ሁሉ እንደ ቀድሞው በሕግ ተገዶ ለተወሰነ ጊዜ ወታደር ቢሆን ምን አለበት?» የሚለው ነው። ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ልጆቻቸውም ከዚያ ዕድሜ ያለፉላቸው ሰዎች ናቸው። ቡናውን የሚቀዱት የቤቱ እመቤት ግን ዝም ይላሉ፤ የእርሳቸው ልጅ ገና 19 ዓመቱ ነውና።

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ሀገር ያለ ጠባቂ አትኖርም፤ መጠበቁም ለጥቂቶች ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ2010 አቋርጣው የነበረውን የግዴታ ውትድርና በ2017 ለመመለስ ወስናለች። የጎንደሩና የወላይታው፣ የሐረሩና የወለጋው ልጅ በአንድ ድንኳን አድሮ ከአንድ ገበታ ቢበላ ይተዋወቃል የሚለውም ሐሳብ መልካም ነው። የአባቶቻችን ክተትም ይጠቀሳል። በእርግጥ በክተቱም ማስገደድ አልጠፋም ነበር። ነገር ግን በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ሲዘመት ንጉሠ ነገሥቱም እቴጌይቱም፣ መኳንንቱም ገበሬውም አብረው ነው የሄዱት። ሌላውን ያዘመተ፣ ራሱም ዘምቷል።

የአበው ቃል «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል። የግዴታ ውትድርና ጉዳይ ሁሉ የሚመዘነው በዚህ ምሳሌ ነው። እኔም ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ሎሚው በእኛ ዘመን እንዴት እንደ ተከፋፈለ ማስታወሴ ነው።

ደርግ በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት ዐዋጅን ሲያወጣ፣ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ቃል ለሁሉም እኩል ነበር። ዕድሜው ከ18 እስከ 30 የሆነ ሁሉ ስድስት ወር ይሠለጥናል፤ ሁለት ዓመት ያገለግላል፤ ከዚያም እስከ 50 ዓመቱ ተጠባባቂ ይሆናል። የሀብታም ልጅ ይቅር፣ የድሃ ልጅ ይሂድ የሚል ቃል በዐዋጁ ውስጥ አልነበረም። ነገር ግን ዐዋጁ ከቀበሌው በር ሲደርስ ሌላ ነገር ሆነ። ለቀበሌው ኮታ ይመጣል፤ ኮታው መሙላት አለበት። ዘመድ ያለው ስሙን ያስፍቃል፤ ገንዘብ ያለው ይከፍላል፤ ከሁሉ የተረፈው ደግሞ ልጁን በዚሁ በቦሌ በኩል ባሕር ማዶ ይሰዳል። ሊሸሽበት የማይችል ወጣት ግን ከኮርኒስ ላይ ተደብቆ ያድራል፤ ለሥራ ወይም ለገበያ በወጣበትም ይታፈሳል። «አፈሳ» የምትለዋን ቃል ያን ጊዜ ያልሰማ እናት አልነበረም። አውሮፕላኑ የአንዱን ልጅ ይዞ ሲነሣ፣ ድምፁ ልጇ በታፈሰባት እናት ጣራ ላይ ያልፍ ነበር።

ውጤቱስ ምን ሆነ? ሠራዊቱ ከሰሐራ በታች ካሉት የአፍሪካ ሠራዊቶች በቁጥር ትልቁ እስኪባል በዛ። ቁጥሩ ግን አላዳነውም፤ ያላመነበትን ሰው ጠመንጃ ማስያዝ ይቻላል፣ ልቡን ማስታጠቅ ግን አይቻልም። በ1983 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይቀሩ ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ብላቴ ማሠልጠኛ ተላኩ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ሥርዐቱ ወደቀ፣ ሠራዊቱም ተበተነ። ሀገሩን ያገለገለ ወታደር በየመንገዱ እጁን ዘርግቶ የቆመበትን ያን ወራት ያየ ሰው አይረሳውም።

ሁለተኛው ችግር የጊዜው ገደብ ነው። በጎረቤታችን በኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ዐዋጅ የአገልግሎቱን ዘመን 18 ወር ብሎ ነበር። ከ1998ቱ ጦርነት ወዲህ ግን 18ቱ ወር ለብዙዎች ማለቂያ የሌለው ዓመታት ሆነ። ከዚህ የሸሹ ወጣቶች ዛሬ በዚሁ በአዲስ አበባ በስደት የሚኖሩ ጎረቤቶቻችን ናቸው። መንግሥት ሲቸገር በቀላሉ የሚያረዝመው ግዴታ፣ ችግሩ ሲያልፍ በቀላሉ አያሳጥረውም።

«ታዲያ ወጣቱ ለሀገሩ ምንም ላያደርግ ነውን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እንዲህ ማለቴ አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ሄደው እንዲያገለግሉ፣ ይልቁንም እንዲያስተምሩ ይገደዱ ነበር። ይህም ግዴታ ነው። ነገር ግን ሸክሙ የወደቀው ሕዝብ በግብሩ ባስተማራቸው፣ ሊከፍሉም በሚችሉት ላይ ነበር። የከተማ ልጅ ሀገሩን እንዲያውቅ ከተፈለገ ያለ ጠመንጃም መንገድ አለ ማለት ነው።

ዛሬ መከላከያ ሠራዊታችን የሚመለምለው በፈቃደኝነት ነው። ሆኖም በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ18ኛው አንቀጹ፣ ኅሊናው ውትድርናን ለማይፈቅድለት ሰው በምትኩ የሚሰጥ አገልግሎት እንደ ግዳጅ ሥራ እንዳይቈጠር ይደነግጋል። ስለዚህ በሩ ጨርሶ አልተዘጋም፤ ነገ የሚከፍተው ሊመጣ ይችላል።

የእኔ ሐሳብ ግን አይከፈት የሚል ነው። ስም በሚፋቅበት መዝገብ፣ ኮታ በሚሞላበት አሠራር የግዴታ ውትድርና መመለስ የድሃውን ልጅ ብቻ መርጦ መላክ ነው። ጥሩ ወታደር የሚሻ ሀገር ለወታደሩ የሚበቃ ደመወዝ ይክፈል፤ የቈሰለውን ያሳክም፤ የወደቀውን ቤተሰብ አይርሳ። ይህ ሲሆን ፈቃደኛ አይጠፋም።

ይህም ሁሉ ተብሎ «ይመለስ» የሚል ወገን ካለ፣ በመዝገቡ ላይ አስቀድሞ የገዛ ልጁን ስም ይጻፍ። በቡናው ዙሪያ ዝም ያሉት እመቤትም ያን ጊዜ የእርሳቸውን ልጅ ስም ከዚያ ሥር ይጻፉ እንደሆነ እንጠይቃቸዋለን።