ፍርሃት ማስረጃ አይሆንም

በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ግዛት፣ ቱሊያ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. 46 ሰዎች አደገኛ ዕፅ ሸጣችኋል ተብለው ተከሰሱ። አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። ማስረጃው ምን ነበር? ማንነቱን ሸሽጎ «ከነዚህ ሰዎች ገዛሁ» ያለ የአንድ ፖሊስ ቃል! የድምፅ ቅጂ የለም፤ ሽያጩን ያየ ሌላ ምስክር የለም፤ ሲያዙም ዕፅ አልተገኘባቸውም።

ከተከራከሩት አንዱ 90 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ይህን ያዩ ብዙዎች «ጥፋተኛ ነኝ» ብለው አነስ ያለውን ቅጣት መረጡ። በ2003 የግዛቲቱ ገዥ ለ35ቱ ምሕረት አደረገ፤ ፖሊሱም በ2005 በሐሰት በመማሉ ተፈረደበት።

«ራሳቸው አምነው የለም ወይ?» የሚሉ አሉ። እኛ ግን እንጠይቃለን፤ 90 ዓመት የተደቀነበት ሰው ቃል እምነት ነው ወይስ ሽሽት? ዐቃቤ ሕግ ያጣውን ማስረጃ ከተከሳሽ ፍርሃት ሊበደር አይገባውም። ዳኛም «አመነ» ብሎ ከመፍረዱ በፊት ማስረጃው ያለዚያ ቃል ይቆም እንደሆነ ይመርምር።

ወንድሞችና እኅቶች! ነገ በችሎት ወንበር የሚቀመጡ ከመካከላችን ይወጣሉ። ይህን ጥያቄ ዛሬ መጠየቅ እንልመድ።