በርበሬ ከሻንጣ ወደ መደብር

በዋሽንግተን ዲሲና በሲልቨር ስፕሪንግ የሐበሻ ሱቆች በርበሬ፣ ሽሮና ኮረሪማ ጎን ለጎን ተደርድረው ይሸጣሉ። እንጀራም ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይገባል። ገበያው አለ፤ ጀማሪው አስመጪ የሚሰናከለው ወረቀቱ ላይ ነው።

ዘመድ በሻንጣ የሚያመጣው በርበሬ ንግድ አይደለም። ለሽያጭ የሚገባ ምግብ ወደብ ሳይደርስ ለአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ማስታወቅ ግድ ነው፤ አምራቹም እዚያው መመዝገብ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የምግብ ደኅንነት ሕግ ደግሞ የአቅራቢውን ጥራት የማረጋገጡን ኃላፊነት አስመጪው ላይ ጥሏል። በደንብ ሳይደርቅ የተከመረ በርበሬ አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ገንዘብ ለላቦራቶሪ ምርመራ ይዋል፤ ኮንቴይነሩ ይቆይ።

የአገር ቤቱም ሕግ ይጠና። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ ስትከለክል፣ እንጀራ ግን መላኩ አልቀረም። በአሜሪካ ደግሞ በአይዳሆ የሚመረተው ጤፍ የስደተኛውን ሌማት ሞላ።

ብቻውን ለሚጀምር ሰው ይህ ሁሉ ወጪ ከባድ ነው። በየከተማው ያሉ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት ጀማሪዎችን አሰባስበው የምርመራውንና የጉምሩክ አስተላላፊውን ክፍያ በጋራ እንዲሸፍኑ ቢያደርጉ፣ ጥቂት ካርቶን በርበሬ ይዞ የሚነሳውም ነጋዴ በሕጋዊ መንገድ ገበያ ይገባል።