ገማቹ የገመተው ለማን ነው?

አምና ታላቅ እህቴ በባንክ ብድር ቤት ስትገዛ የሜትሩን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ከባንኩ የመጣው መሐንዲስ ክፍሎቹን ለካ፣ ጣሪያውን ከደጅ ቀና ብሎ አየ፣ ካርታውን ከግቢው ጋር አመሳከረና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ሄደ። «ባንክ ካመነበት እኛ ምን ቤት ነን?» ተባባልን። ሐምሌ ሲገባ አዲስ ቀለም የተቀባው የጓዳ ግድግዳ ውሃ አዝሎ ተላጠ። ከቀለሙ ሥር ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ!

መሐንዲሱን አልወቅሰውም። የመጣው ብድሩ ባይከፈል ባንኩ ቤቱን ሸጦ ስንት እንደሚያገኝ ሊገምት እንጂ ስንጥቅ ሊፈልግ አይደለም። የግምቱን ሒሳብ የከፈለችው ግን እህቴ ናት።

ግምቱም ራሱ ጉድ ነው። ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ የከተማ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ በሕግ የሚሸጠው ግድግዳና ጣሪያው ነው። ስለዚህ ገማቹ ብሎኬትና ቆርቆሮ ሲቆጥር፣ ሻጩ የአስፋልቱን ቅርበት ይቆጥራል። ባንኩ ለቦታው ደረጃ ጥቂት ቢጨምርም ልዩነቱን ከኪሱ የሚሞላው ገዢ ነው።

እኔን የሚያበሳጨኝ የኛው ነገር ነው። በግ ስንገዛ ሽንጡን ዳብሰን፣ ላቱን መዝነን፣ ጥርሱን ገልጠን ነው። ቤት ሲሆን ግን ሻይ ጠጥተን ቀብድ! ዕዳና እገዳውን ማጣራቱንስ ለምደነዋል። ከቀብድ በፊት የራስን ግንበኛ ይዞ ጣሪያ ላይ ማስወጣት፣ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ማስከፈት፣ ከተቻለም በክረምት ማየት ማንን ገደለ? ደላላው ይቆጣል። ይቆጣ!

እህቴ ግድግዳውን በዕቁብ ብር አስጠግናለች። ብድሩ ገና አሥራ ምናምን ዓመት ይቀረዋል።