የእንጦጦ ዳገትና የወጡ ዘይት

መስከረም ሲጠባ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ ማለዳ ማለዳ እግረኛ ይበዛበታል። ክረምቱ አልፏል፣ ጭቃው ደርቋል። ቱታው አዲስ፣ ጫማው አዲስ፣ ስልክ ላይ እርምጃ የሚቆጥረው መተግበሪያም አዲስ ነው። ጥቅምት አጋምሶ ብርዱ ሲጠና ግን መንገዱ ወደ ነባር ባለቤቶቹ ይመለሳል፤ ወደ አትሌቶቹ፣ ወደ ተሳላሚዎቹ፣ እንጨት ተሸክመው ወደሚወርዱት እናቶች።

ሌሎቹ የት ሄዱ? የተለመደው መልስ «ስንፍና ነው» የሚል ነው። ይህን የሚል ሰው ጉለሌን አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ሲሸምን የሚውል የሽሮ ሜዳ ሸማኔ፣ ቀጨኔ ላይ ከጭቃ ጋር ስትታገል የምትውል ሸክላ ሠሪ፣ አዲሱ ገበያ ላይ ገና ሳይነጋ ለታክሲ የሚሰለፍ ተቀጣሪ በስንፍና አይታሙም። የወደቀው ሰዉ ሳይሆን ዕቅዱ ነው። ዕቅዱ ብዙ ጊዜ የሚቀዳው ከዩቲዩብና ከቲክቶክ ነው፤ ለሌላ አገር ሰው፣ ለሌላ ከፍታ፣ ለሌላ ማዕድ የተዘጋጀ ነው።

ከፍታው ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። መሀል ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ሲሆን የእንጦጦ አናት 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ለዓመታት ከወንበር ያልተነሣ ሰው በመጀመሪያው ቀን ይህን ዳገት በሩጫ ሲሞክረው ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል። በሁለተኛው ሳምንት ጉልበቱን ያመዋል፤ የሚጎዳውም ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱ ነው። እዚያው ጫካ ውስጥ የሚሠለጥኑትን አትሌቶች በቀላል ልምምድ ቀናቸው ቆሞ ያየ ግን ይገረማል። በአንድ መስመር ተከታትለው፣ በዛፎቹ መሀል እየተጠማዘዙ፣ ቀስ ብለው ነው የሚሮጡት። ፍጥነት የሚሠሩበት ቀን ሌላ ነው፤ ቦታውም ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ነው። ዓለም ያደነቃቸው ሯጮች ዳገቱን እንዲህ ካከበሩት ጀማሪውን ምን ያስቸኩለዋል?

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ ጠዋት 15፣ ማታ 15 ደቂቃ ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው በአምስት የሥራ ቀን ይሞላዋል። ለዚህ የጂም ክፍያም አዲስ ቱታም አያስፈልግም።

ከዳገቱ ይልቅ የሚያስቸግረው ማዕዱ ነው። ስልክ ላይ «ጤናማ አመጋገብ» ተብሎ የሚታየው አጃ፣ አቮካዶና የዶሮ ደረት ነው፤ ያውም ለአንድ ሰው ተለክቶ በአንድ ሳህን። ጉለሌ ውስጥ ግን አምስት ስድስት ሰው ከአንድ ትሪ ይበላል። ወጡ የሚሠራው ለሁሉም ነው፤ የምትሠራውም አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራም የጀመረው ሰው ሳይሆን እናቱ ወይም ሚስቱ ናት። ለብቻ ማብሰል ወጪ ነው፣ ከወጪውም በላይ ከቤተሰቡ መለየት ነው። እናት ያጎረሰችውን ካሎሪ ቆጥሮ የሚመልስ ልጅ የለም፤ ቢኖርም ባይኖር ይሻል ነበር።

ማዕዱ ደግሞ በራሱ መጥፎ አይደለም። ጤፍ፣ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን የሚቀርብበት ገበታ ብዙ የውጭ አገር ሐኪሞች ለታካሚዎቻቸው የሚመኙት ዓይነት ነው። ችግሩ ያለው ዘይቱና ጨው ላይ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ሁለት ማንኪያ ትርፍ ዘይት የበላ ሰው እሱን ለማቃጠል አንድ ሰዓት ያህል ፈጠን ብሎ መራመድ አለበት። ለዓመታት በሸማቾች ማኅበራት በኩል ሲከፋፈል የኖረው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ልብን የሚጎዳው የሚረጋ ስብ ነው። በሱፍ ዘይት ውስጥ ይኸው ስብ አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። ልዩነቱን የማያውቅ ሸማች ብዙ ነው፤ አውቆም ዋጋው የሚከለክለው አለ። ጨውም ከአንድ ቦታ አይመጣም፤ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ይገባል፣ ድስቱ ላይ ደግሞ ይጨመራል።

ነገሩ የውበት ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ማለፍ ይቻል ነበር። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ ያው እዚሁ ጉለሌ ሕዝቡ አሁንም ፓስተር እያለ የሚጠራው ግቢ፣ በ2007 ዓ.ም. አገር አቀፍ ጥናት አካሂዶ ነበር። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆነው ከስድስቱ አንዱ ያህል የደም ግፊት ተገኝቶበታል። በቀን የሚበላው ጨው ከ8 ግራም በላይ ተገምቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። ግፊት ሳያሳምም ቆይቶ በስትሮክ አልጋ ላይ የሚጥል በሽታ ነው። አንድ አባት አልጋ ላይ ሲወድቅ አስታማሚዋ ልጁ ከሥራዋ ትቀራለች፤ የቤቱ ገቢ አብሮ ይወድቃል።

ከስልክ የተቀዳው ዕቅድ ጾምንም አያውቅም። እንቁላልና እርጎ ላይ የቆመ ፕሮግራም ረቡዕና ዓርብ ይሰናከላል፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ለ55 ቀን ይቋረጣል። ጾም ያከሳል የሚሉም ይሳሳታሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዱን የዋለ ሰው የድንች ጥብስና ሳምቡሳ ፊት ሲቀመጥ ምን ያህል እንደሚበላ የታወቀ ነው። ረመዳን ላይ ኢፍጣር ሲደርስም ያው ነው።

ይህን ሁሉ አልፎ ሦስት ኪሎ የቀነሰ ሰው ሰፈር ውስጥ የሚጠብቀው ሙገሳ አይደለም። «ምነው ከሳህ? አሞሃል እንዴ?» ነው። ረሃብን በዓይኑ ባየ አገር ክሳት የችግር ምልክት ቢሆን አይፈረድም፤ ጎረቤቷም የምትጠይቀው አዝና ነው። ግን በቀን አራት ጊዜ የሚጠየቅ ሰው በአምስተኛው ቀን ሳያስበው እንጀራ ይደግማል። ሴት ስትሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባት። ገና ሳይነጋ ጫካ ጫካውን ብቻዋን መውጣት ያሰጋታል፣ ሲነጋ ደግሞ ቤቱ ይጠብቃታል። ጓደኛ ካላገኘች ፕሮግራሟ ያበቃው በመጀመሪያው ሳምንት ነው።

ለጤናው ብሎ የሚወጣ ሰው ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ከሚወርዱ ሴቶች ጋር በየማለዳው ይተላለፋል። ሸክማቸው ከ30 ኪሎ ይበልጣል። በእንቅስቃሴ ቢሆን ከእነሱ የሚበልጥ ጤነኛ ባልተገኘ ነበር፤ ግን ወገባቸው ጎብጧል። ምግብና እረፍት ያልተከተለው ድካም ጤና አይሰጥም። ይህን የረሳ ጀማሪም ራት እየዘለለ በየቀኑ ዳገት ይወጣና በወሩ ታሞ ይተኛል።

ከተማው ምንም አልሠራም ማለት አይቻልም። መንገድ ለሰው በኅዳር 2011 ዓ.ም. ተጀመረ፣ እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ተከፈተ። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ግን ለብዙው ቤተሰብ የእሑድ ናቸው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሰዉ የሚራመደው ክዳኑ በጠፋ የቱቦ ጉድጓድ አጠገብ፣ በቆመ መኪና መሀል ነው። አሮጊት እናት ሐኪም «በእግርዎ ይሂዱ» ቢላቸው በየት በኩል ይሂዱ?

የእግረኛው መንገድ እስኪስተካከል ቤት ውስጥ የሚቻለው አነስተኛ ነገር ነው፤ እሱም ከድስቱ ይጀምራል። ፕሮግራሙን ለብቻ ከማውጣት ይልቅ ወጥ ከምትሠራው ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር፣ ቀድሞ በቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ ሄዶ ግፊት መለካት፣ ከዚያ ዘይቱን ከጠርሙስ ከማንቆርቆር በማንኪያ እየሰፈሩ ለአንድ ወር መሞከር፣ በወሩ መጨረሻ ግፊቱን እንደገና መለካት።