አንድ ገመድ ለሁለት

ቤታችን ያለችው የሥራ ጠረጴዛ አንዲት ናት። ጠዋት ፀሐይ በምትገባበት መስኮት ሥር አስቀምጠናታል፤ የደባርቅን ብርድ የሚያውቅ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቀኝም። እስከ ምሳ ባለቤቴ ትሠራባታለች፣ ከምሳ በኋላ የእኔ ተራ ነው። እሷ የመጠይቅ መረጃ ታጠራለች፣ እኔ ሰነድ እተረጉማለሁ። ተራ በተለዋወጥን ቁጥር የሞኒተሩን፣ የኪቦርዱን፣ የማውሱን፣ የኢንተርኔቱን፣ የሃርድ ዲስኩንና የቻርጀሩን ገመድ ስንነቅልና ስንሰካ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ ሁሉንም ሰብስቦ በአንድ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኝ ዶክ ለመግዛት ወሰንን።

የመጀመሪያውን የገዛሁት የራሴን ላፕቶፕ ብቻ ይዤ ሄጄ ነው። ሱቁ ውስጥ ሰካሁት፣ ሠራ፣ ከፈልሁ። ቤት ስደርስ በእሷ ላፕቶፕ ላይ ኪቦርዱ ይጽፋል፣ ሞኒተሩ ግን ጥቁር ነው፤ ባትሪውም እየወረደ ይሄዳል። አንድ ወር ሙሉ ጠረጴዛው የእኔ ሆነና እሷ አልጋ ላይ ተቀምጣ ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሠራች። ያ ወር እስካሁን ይቆጨኛል። ለሁለት ሰው የሚሆን ዶክ የሚመረጠው በደካማው ላፕቶፕ ነው። ደካማው ደግሞ ብዙውን ጊዜ መሥሪያ ቤት ያደለው ነው።

ነገሩ የሚያሳስተው መልኩ ነው። ዩኤስቢ ሲ የምንለው ሞላላ ቀዳዳ በሁሉም ላይ አንድ ይመስላል፤ ሥራው ግን ይለያያል። አንዱ ፋይል ብቻ ያስተላልፋል። ሌላው ወደ ሞኒተር ምስል ያወጣል። ሌላው ቻርጅም ያደርጋል፤ ሦስቱንም የሚችል አለ። የባለቤቴ ፋይል ብቻ ከሚያስተላልፈው ወገን ነበር። ከቀዳዳው አጠገብ የዲስፕሌይፖርት ወይም የተንደርቦልት ምልክት ካለ ምስል ያወጣል ማለት ነው፤ ምንም ምልክት ከሌለ የሞዴሉን ስም ከጀርባው አንብቦ ማጣራት ያስፈልጋል። እኛ አገር እንደሚታየው ያገለገለ ላፕቶፕ ለገዛ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የዴል ላቲቲዩድ ኢ ተከታታይና የቀደሙት ቲንክፓዶች ከሆዳቸው ሥር የዶክ መግጠሚያ አላቸው። ዶኩ ጠንካራ ነው፤ ግን የሚገጥመው ለዘመዱ ብቻ ነው። ባልና ሚስቱ አንድ ዓይነት ላፕቶፕ ካልያዙ አይሆንም።

በኃይል በኩል ነገሩ ይገለበጣል፤ የሚለካው ብዙ በሚበላው ላፕቶፕ ነው። የእኔ ቻርጀር ላይ 20 ቮልትና 3.25 አምፔር ተጽፏል፤ ሲባዛ 65 ዋት ነው። ዶኩ ከዚያ በታች የሚሰጥ ከሆነ እየሠሩ ባትሪው ሊወርድ ይችላል። ከዚያ በላይ ቢሰጥ ግን ጉዳት የለውም፣ ላፕቶፑ የሚፈልገውን ብቻ ይወስዳል። ሀብ በሚባል አንዳንድ ትንሽ ዶክ ላይ 100 ዋት ተብሎ ይጻፋል፤ ከእሱ ላይ ግን ጥቂቱን ለራሱ ያስቀራል።

ከኃይል ቀጥሎ ኢንተርኔት ይመጣል። መጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ አዲስ አበባ ተገኝቶ የፌዴራል ሠራተኞች ከቤት እንዲሠሩ ሲባል፣ እዚህ እኛ ጋ የሩቅ ወሬ ይመስል ነበር። ከቤት የሚሠራ ሥራ ግን ከእኛ ሩቅ አልነበረም። ዳባት ላይ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር ቤት ለቤት ልደትና ሞትን፣ መጤና ሂያጅን የሚመዘግብ የጤና ክትትል ጥናት አለ። እንዲህ ባለ ሥራ መረጃ ሰብሳቢው ዳገት ቁልቁለቱን ይወጣል ይወርዳል፤ ሰንጠረዡን የሚያጠራው ሰው ግን ኢንተርኔትና ጠረጴዛ ካለው የትም ቢቀመጥ ይሆናል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለው እዚሁ ደባርቅ ነው፤ ለእንግዳ የጉዞ ዋጋ አስልቶ ኢሜይል የሚመልስ ሰውም ቢሮ ላያስፈልገው ይችላል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ አንድ ዓመት ገደማ ሲቆይ፣ በመደበኛ መስመር የሚመጣ ኢንተርኔት ምን ማለት እንደሆነ ተምረናል። ስለዚህ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ የሌለው ዶክ አልገዛም። ዋይፋይም ይሠራል፤ ትልቅ ፋይል ሲላክ ግን በገመድ የሄደው አያንገራግርም።

ከሁሉ በላይ ግን መብራት አለ። ጎረቤታችን ምጣድ ሲሰኩ የእኛ አምፖል ይደክማል፤ ያን ጊዜ ሞኒተሩ ብልጭ ድርግም ይላል። ስለዚህ የዶኩን አዳፕተር ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ የቮልቴጅ መውረዱን ይችለዋል። ጨርሶ ሲጠፋ የሚሆነውን ግን ሻጩ አይነግርዎትም። አንድ ከሰዓት በኋላ የሦስት ቀን ትርጉም ወደ ሃርድ ዲስኩ ስገለብጥ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪው ቀጠለ፤ ዶኩ ግን የሚሠራው በራሱ አዳፕተር ስለሆነ እዚያው ጠፋ፣ ዲስኩም መሐል ላይ ተቋረጠ። መብራት ሲመለስ ፋይሉ አልከፈት አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሃርድ ዲስክ ዶክ ላይ አልሰካም፤ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ነው። ዶኩና ራውተሩ መብራት ሲጠፋ ለጊዜው በባትሪ የምታሠራ ትንሽ ዩፒኤስ ላይ ናቸው። ሞኒተሩን አላስገባሁትም፤ ኃይሉን ቶሎ ይጨርሰዋል፣ ላፕቶፑም የራሱ ስክሪን አለው።

ሁለተኛው ዶክ የተገኘው በእሷ ላፕቶፕ ልክ ነው። ፋይል ብቻ በሚያስተላልፍ ቀዳዳ በኩል ሞኒተር የሚያበራ ዲስፕሌይሊንክ የሚባል ቴክኖሎጂ አለ። ለፊልም አይመከርም፤ ለሰንጠረዥና ለጽሑፍ ይበቃል። ነገር ግን ላፕቶፑ ላይ ድራይቨር መጫን አለበት፣ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ደግሞ ያለ አስተዳዳሪው የይለፍ ቃል ምንም አያስጭንም። ይህን ፈቃድ ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ሠራተኛውን ቤትህ ሆነህ ሥራ ብሎ የሚልክ ድርጅት ላፕቶፑ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል አንድ ገጽ ጽፎ ቢሰጠው፣ ድራይቨሩንም ቢሮ ሳለ ቢጭንለት ምን ይከብደዋል? ወጪ የለውም። በአልጋና በጉልበት መካከል የሚሠራ ሰው ወገቡን ሲያመው የሚጎዳው ሥራውም ጭምር ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2026 ጀምሮ እዚያ የሚሸጡ አዳዲስ ላፕቶፖች በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ የሚደረጉ እንዲሆኑ ደንግጓል፤ እነዚያ አገልግለው እኛ ጋ እስኪደርሱ ግን ዛሬ በእጃችን ባለው ነው የምንሠራው።

ድራይቨሩ በተጫነ ማግሥት ሁለቱንም ላፕቶፕ፣ ሁለቱንም ቻርጀር ይዤ በጠዋት ሚኒባስ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ ጎንደር ወረድሁ። ባለሱቁ ልጅ ቦርሳዬን ሲያይ፣ «ጋሼ፣ ሁለቱንም ተሸክመው መጡ?» አለኝ። የእሷን አስቀደምሁ። ሞኒተሩ እስኪበራ ቆሜ ጠበቅሁ፣ ከዚያ የእኔን ሰካሁ። ገመዱ ከዶኩ የማይነቀል የነበረውን ርካሹን ትቼ ገመዱ የሚነቀለውን ወሰድሁ፤ በቀን ሁለት ጊዜ የሚሰካና የሚነቀል ገመድ አንድ ቀን ጫፉ መላላቱ አይቀርም፣ ያን ጊዜ ገመዱን ብቻ እለውጣለሁ። ለዚያ ቀን የሚሆን ሌላ ገመድ እዚያው ገዝቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ።

አሁን ጠዋት እሷ ሁለት ገመድ ትሰካለች፤ የዶኩንና የራሷን ቻርጀር። ከምሳ በኋላ እኔ አንዱን ብቻ። አልጋው ላይ የሚሠራ ሰው የለም።